የዳትሰን 240 ዜድ እድሳት፦ የኤሌክትሪክና የቫኪዩም ብልሽትን በቅደም ተከተል መፈለግ፣ በአዳማ ከፍታና አቧራ

አሮጌ ስፖርት መኪና የሚያድስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡንም ትዕግሥቱንም በቆርቆሮና በቀለም ላይ ይጨርስና፣ መኪናዋ አምራ ከጋራዥ በወጣች ማግስት ሞተሩ ሲቆራረጥበት የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል። ያኔ ኮይል (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት የሚሠራው ዕቃ) ይለወጣል፤ ካንዴላ ይለወጣል፤ ካርቡሬተር ይፈታል፤ ብልሽቱ ግን ባለበት ይቆያል። በእነዚህ መኪኖች ላይ የኤሌክትሪክ ብልሽት የነዳጅ ችግር መስሎ፣ የአየር ስርገት፣ ማለትም በስንጥቅ በኩል ያልታሰበ አየር ወደ ሞተሩ መግባት፣ ደግሞ የኤሌክትሪክ ችግር መስሎ ስለሚታይ፣ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው የሚዘሉ ሰዎች ጤነኛውን ዕቃ ሲፈቱ ይውላሉ። ስለዚህ ይህ መመሪያ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን፣ ቀጥሎ ቫኪዩሙን፣ በመጨረሻ ብቻ ካርቡሬተሩን ይዳስሳል፤ ቅደም ተከተሉን እንዳያዛቡት አጥብቄ እለምናለሁ።

ምሳሌ አድርጌ የምጠቀመው አዳማ ውስጥ ያደስኩትን ዳትሰን 240 ዜድ ነው። ይህ መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ጃፓን ውስጥ መሠራት የጀመረ፣ 2,393 ሲሲ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርና ሁለት ካርቡሬተር ያለው ሲሆን፣ በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈው ይኸው ሞዴል ነው። ኮንታክት ፖይንት (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሣው ማብሪያ)፣ ካርቡሬተርና የፍሬን ሰርቮ (በቫኪዩም ፍሬኑን የሚያግዘው ዕቃ) ያለው የዚያን ዘመን መኪና ያለዎት ሁሉ፣ ፊያትም ይሁን አልፋ ሮሜዮ፣ አብዛኛውን ነገር እንዳለ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ ዲጂታል ቴስተር፣ ሁለት ሽቦ የተበየደለት የ21 ዋት የፍሬቻ አምፖል፣ የቫኪዩም ጌጅ፣ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፣ ታይሚንግ ላይት (ብልጭታው የሚወጣበትን ቅጽበት፣ ማለትም ታይሚንጉን፣ የሚያሳይ መብራት)፣ ውሃ መርጫ ጠርሙስና እሳት ማጥፊያ። እሳት ማጥፊያው ከአጠገብዎ ሳይኖር ኮፈኑን ከፍተው ቤንዚን ያለበትን ነገር አይንኩ።

ባትሪና ማሳ

መኪናዋ ካደረች በኋላ ጠዋት ምንም ሳያበሩ ባትሪውን ይለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባትሪውን ቻርጅ አድርገው ሌላ ጊዜ ይመለሱ፣ ምክንያቱም በደከመ ባትሪ የሚወሰድ ልኬት ሁሉ ያሳስታል። ቀጥሎ የኮይሉን መሐል ገመድ ብልጭታውን ለየካንዴላው ከሚያድለው ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ነቅለው ጫፉን ሞተሩ ብረት ላይ በደንብ ያስነኩና፣ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሣውን ዕቃ) ለጥቂት ሰከንድ ሲያዞር ቮልቱን ይመልከቱ። ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለው ደረጃ ይመጣል። ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነው፤ መኪና ሲታደስ ደግሞ ቦዲው ከላይ እስከ ታች ቀለም ስለሚቀባ፣ የማሳ ገመድ የሚታሰርበት ብሎን ሥርም ቀለም ይገባል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ እምብርት ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርገው ሞተሪኖው ሲዞር ይለኩ። 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ካሳየ መልካም ነው፤ ከበለጠ የማሳው መንገድ ታፍኗል ማለት ነው። ይኸንኑ ከቦዲው ጋር ይድገሙት፤ ከዚያም በፖዘቲቩ በኩል ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ብሎን ድረስ ይለኩ፤ በዚያ በኩል እስከ 0.5 ቮልት ይፈቀዳል።

የታፈነ ማሳ ካገኙ ብሎኑን ፈትተው ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ያጽዱ፤ መልሰው ካጠበቁ በኋላ ቫዝሊን ይቀቡት። የባትሪውን እምብርት የሸፈነው ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይለቃል። አዳማ ነፋስ የማይለያት ከተማ ስለሆነች በበጋ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ በየሶኬቱ ውስጥ ይገባል፤ ሰኔ ሲገባም ያው አቧራ እርጥበት ይዞ ናሱን አረንጓዴ ያደርገዋል። አረንጓዴ የሆነ የናስ ሶኬት ጥቂት ደቂቃ ኮምጣጤ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ በሶዳ ውሃ ታጥቦና በደንብ ደርቆ ሲመለስ አዲስ የመሰለ ግንኙነት ይሰጣል። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ሆኖም በእኔ መኪና ላይ ከነበሩት የኤሌክትሪክ ችግሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ ብቻ ጠፍተዋል።

ፊውዝ፣ አምፔር ሜትርና የፊት መብራት

የ240 ዜድ ፊውዞች የመስታወት ቱቦዎች ናቸው። እያንዳንዱን ነቅለው ይመልከቱ፣ የሚይዘውንም የናስ መንጋጋ በጣትዎ ጫን ብለው ይሞክሩ። የላላ መንጋጋ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ፊውዙን ሳያቃጥል የሳጥኑን ፕላስቲክ ያቀልጣል። በዚህ መኪና ላይ ይህ በብዛት የሚታየው በትናንሽ መብራቶችና በፊት መብራት ፊውዞች ዘንድ ነው። እኔ መኪናዋን ስገዛ አንደኛው ፊውዝ በሲጋራ ወረቀት ብራማ ሽፋን ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ከበላዩ ያለው ፕላስቲክ ጠቁሮ ተጣሟል፣ ከሥሩ ያለው ሽቦም ልባሱ እንደ ማስቲካ ለስልሷል። ይህን ያደረገ ሰው ፊውዙ ለምን እንደሚቃጠል ሳይጠይቅ ሽቦው በፊውዙ ፈንታ እንዲቃጠል ፈርዶበታል።

ፊውዝ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ አዲስ ፊውዝ እየጨመሩ አይሞክሩ። በፊውዙ ቦታ የፍሬቻውን አምፖል በሁለቱ ሽቦዎች ያገናኙ። ሾርት ካለ አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ይበራል፣ ሽቦውም አይጎዳም። ከዚያ በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ሽቦው በቦዲ ቀዳዳ የሚያልፍባቸውን ቦታዎችም በእጅዎ እያነቃነቁ ይሂዱ። አምፖሉ የጠፋበት ወይም የፈዘዘበት ቅጽበት ብልሽቱ የት እንዳለ ይነግርዎታል።

በዚህ መኪና ከሞተሪኖው በስተቀር ኤሌክትሪኩ ሁሉ ማለት ይቻላል በዳሽቦርዱ አምፔር ሜትር ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ከአምፔር ሜትሩ ጀርባ ያሉት ወፍራም ሽቦዎች አንዳቸው ቢላሉ መብራቱም፣ ቻርጁም፣ ሞተሩም በአንድ ጊዜ ይታወካሉ። ባትሪውን ፈትተው ብሎኖቹን ያጥብቁ። የፊት መብራቱም እንዲሁ ሙሉ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) ሳይኖር በመሪው ሥር ባለው ማብሪያ በኩል ነው፤ ማብሪያው ሲያረጅ መብራቱ ቢጫ ይሆናል፣ ማብሪያውም ይግላል። ሁለት ሪሌ ከነፊውዛቸው ከባትሪው አጠገብ ቢያስገቡ ማብሪያው ከጭነቱ ያርፋል። መኪናን እንደ ፋብሪካው መጠበቅ እወዳለሁ፤ በዚህ ግን አልደራደርም፣ ምክንያቱም ወደ ሞጆ በሌሊት ሲነዱ መብራት መጥፋት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ማየት አለብዎት። ከዚያ ካነሰ ቺንጊያውን፣ ከዚያ የአልተርኔተሩን ሶኬት፣ ከዚያ ከአልተርኔተሩ ተለይቶ የተቀመጠውን ሬጉሌተር ይፈትሹ።

ብልጭታ

ቁልፉን ከፍተው፣ ኮንታክት ፖይንቱ የተዘጋበት ቦታ ላይ ሞተሩን አቁመው፣ የኮይሉን ፖዘቲቭ እምብርት ይለኩ። በመስመሩ ላይ ሬዚስተር ስላለ ከ5 እስከ 8 ቮልት ያህል ማየት ይገባዎታል። ሙሉ 12 ቮልት ካሳየ ኤሌክትሪኩ እየፈሰሰ አይደለም፤ ፖይንቱ ቆሽሿል ወይም ከኮይሉ በኋላ ያለ ሽቦ ተቆርጧል። ዜሮ ከሆነ ደግሞ ብልሽቱ ከኮይሉ በፊት፣ በሬዚስተሩ፣ በቁልፉ ወይም ብዙዎች በማይጠረጥሩት በዙር ቆጣሪው ላይ ነው። በ240 ዜድ ወደ ኮይሉ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በዳሽቦርዱ ዙር ቆጣሪ ውስጥ አልፎ ስለሚሄድ፣ ከጀርባው ያለው ሶኬት ሲላላ ሞተሩ አብሮ ይጠፋል። ልኬቱን በፍጥነት ጨርሰው ቁልፉን ይዝጉ፤ ፖይንቱ ተዘግቶ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ኮይሉ ይግላል።

የፖይንቱን ክፍተት ከ0.45 እስከ 0.55 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላውን ከ0.8 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ያድርጉ። የፖይንቱ ክፍተት ሲለወጥ ታይሚንጉም አብሮ ስለሚለወጥ ሁልጊዜ ክፍተቱ ይቀድማል። ታይሚንግ ሲያስተካክሉ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን የቫኪዩም ቱቦ ነቅለው በብሎን ይድፈኑት። የካንዴላ ገመዶቹ ቅደም ተከተል 1-5-3-6-2-4 ነው።

ቫኪዩምና የአዳማ ከፍታ

ቫኪዩም የምለው ሞተሩ አየር ሲስብ በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ የሚፈጠረውን ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት ነው። የውጭ አገር መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳሉ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ማሳየት አለበት ይላሉ። ያ ቁጥር በባሕር ጠለል አጠገብ ለሚነዱ ሰዎች የተጻፈ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከጌጁ ላይ ወደ 1 ኢንች ይቀነሳል። ስለዚህ እዚህ የጤነኛ ሞተር ልኬት ከ12 እስከ 16 ኢንች ነው። የእኔዋ አዳማ ላይ 14 ታሳያለች፤ ወደ አሰላ ስትወጣ ከዚያ ትቀንሳለች፣ ወደ አዋሽ ስትወርድ ትጨምራለች፤ በሞተሩ ላይ ግን የተለወጠ ነገር የለም። በመጽሐፉ ቁጥር ብቻ ተመርቶ ደህናውን ሞተር ሲፈታ ያየሁት ሰው ስላለ ነው ይህን አጥብቄ የምጽፈው።

ጌጁን ከሁለቱ ካርቡሬተሮች መካከል ካለው ማኒፎልድ ጋር ያገናኙና ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ያንብቡ። ከቁጥሩ ይልቅ የቀስቱ ጠባይ ብዙ ይናገራል። ቀስቱ ዝቅ ብሎ ግን ሳይነቃነቅ ከቆመ ታይሚንጉ ዘግይቷል ወይም የአየር ስርገት አለ፤ ታይሚንጉን ቀደም ብለው ስላስተካከሉ አሁን የሚቀረው ስርገቱ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ይቅደም ያልኩትም ለዚሁ ነው። በእኩል ጊዜ እየቆጠረ ወደ ታች የሚዘል ከሆነ አንድ ቫልቭ አልዘጋ ብሏል። ዙሩን ከፍ አድርገው ሲይዙት ቀስ በቀስ እየወረደ የሚሄድ ከሆነ ጭስ ማውጫው ተደፍኗል።

ስርገቱን ማግኘት

ከማኒፎልዱ የሚነሡትን ቱቦዎች ጨርቅ በተጠቀለለበት ፒንሳ አንድ በአንድ ይቆንጥጡ። አንዱን ሲቆነጥጡ የሞተሩ ድምፅ ከተስተካከለ ወይም ጌጁ ከፍ ካለ ብልሽቱ ከዚያ ቱቦ ወዲያ ነው። በፍሬን ሰርቮው ቱቦ ይጀምሩ፣ ወፍራሙ እሱ ነውና፤ ከዚያ ከሞተሩ ሆድ ጭስ ወደሚመልሰው ቫልቭ ይሂዱ።

ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ በማኒፎልዱና በካርቡሬተሮቹ ጓርኒሲዮን (በመካከል የሚገባው ማሸጊያ) ዳር ዳር በጠርሙሱ ጥቂት ውሃ ይርጩ። ውሃው ስንጥቁን ለቅጽበት ስለሚደፍነው ድምፁ ይለወጣል። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ለዚህ ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫል፤ በዚህ ሞተር ላይ ግን የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ከአየር ማስገቢያው ሥር በአንድ ወገን ስለተቀመጠ፣ የረጩት ቤንዚን በቀጥታ በጋለ ብረት ላይ ይወርዳል። አያድርጉት። በውሃውም ቢሆን ዲስትሪቢዩተሩን አያርጥቡ፤ ካረጠቡት ድምፁ የሚለወጠው በሌላ ምክንያት ይሆንና ይሳሳታሉ። የስሮትል (ፔዳሉ የሚከፍተው የአየር በር) ዘንጎቹን ሁለት ጫፎች ሳይረጩ አይለፉ፤ ከ50 ዓመት በኋላ የዘንጉ ቀዳዳ ሰፍቶ አየር ማሳለፉ የተለመደ ነው፣ ጓርኒሲዮን በመለወጥም አይድንም፣ ቡሽ ማስገባት ያስፈልገዋል።

ቱቦ ሲለውጡ ለሰርቮው ውስጡ ክር ያለው፣ ለቫኪዩም የተሠራ ወፍራም ቱቦ ይግዙ። ተራ የውሃ ቱቦ ሲግል ይለሰልስና ግድግዳው ወደ ውስጥ ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ በሚያስፈልግዎት ሰዓት ይደነድናል።

የፍሬን ሰርቮ

ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን 5 ወይም 6 ጊዜ ይርገጡ፤ ከዚያ ረግጠው እንደያዙ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ ቱቦውን ነቅለው ቼክ ቫልቩን በአፍዎ ይሞክሩ፤ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማለፍ አለበት። ፔዳሉን ሲረግጡ የሞተሩ ድምፅ የሚታወክ ከሆነ ዲያፍራሙ (በውስጡ ያለው የጎማ ሽፋን) ተቀዷል። የፍሬን ዘይት ያለ ምንም ጠብታ እያነሰ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከወጣ ደግሞ የማስተር ሲሊንደሩ የኋላ ጎማ ዘይቱን ወደ ሰርቮው እያስገባ፣ ሞተሩም እየጠጣው ነው፤ እንዲህ ያለውን መኪና ሳይጠግኑ አይንዱ። ሰርቮው ከቫኪዩም የሚያገኘው ኃይል እዚህ ከፍታ ላይ ስለሚያንስ፣ ፔዳሉ ባሕር ዳርቻ ካለ መኪና ጥቂት ቢጠነክር ብልሽት አይደለም።

ሁለቱ ሥርዓቶች የሚገናኙበት ቦታ

በዲስትሪቢዩተሩ ጎን ያለችው ክብ ጣሳ በውስጧ ዲያፍራም አላት። ከካርቡሬተሩ በቱቦ የሚመጣው ቫኪዩም ዲያፍራሙን ሲስብ፣ ፖይንቱ የተቀመጠበት ሳህን ይዞርና ብልጭታው ይቀድማል። ይህ ቫኪዩም የሚወሰደው ከስሮትሉ በላይ ካለች ቀዳዳ ስለሆነ በሚኒሞ የለም ማለት ይቻላል፤ ፔዳሉ ጥቂት ሲረገጥ ይበረታል፤ ጨርሰው ሲረግጡት እንደገና ይጠፋል።

የእኔ መኪና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ ስሄድ ሜዳው ላይ ፔዳሉን ላላ ባደረግሁ ቁጥር ትቆራረጥ ነበር። ቆማ ስትሠራ ደህና ናት፤ ዳገቱን ጨርሼ ስረግጥም ደህና ናት። አንድ ጋራዥ ኮይልና ካንዴላ ለወጠ፤ ሌላው ካርቡሬተሮቹን ፈትቶ አጠበ፤ ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተው፣ ቴስተሩን በእኔ እጅ አስይዘው፣ የቫኪዩሙን ቱቦ በአፋቸው ሳቡ። ሳህኑ ዞረ፤ ቴስተሩ ላይ የነበረው ንባብ ጠፋ። ቱቦውን ሲለቁት ተመለሰ። ከፖይንቱ ወደ ውጭ የምትወጣው የጣት ርዝመት የማትሞላ ሽቦ ልባሷ ሙሉ ነው፣ ውስጧ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል፤ ሳህኑ ሲዞር ትሳባለች፣ ጫፎቿም ይለያያሉ። «ልጄ፣ ሽቦ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ይሞታል፤ በዓይንህ አይተህ አትመነው፣ ሳብ አድርገህ እየው» አሉኝ።

ስለዚህ ይህን ፈተና እርስዎም ያድርጉት። ፖይንቱ በተዘጋበት ቦታ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከዲስትሪቢዩተሩ በሚወጣው ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በማሳ ላይ አድርገው፣ ሽቦውን ከኮይሉ ነቅለው፣ ኦም እያነበቡ ቱቦውን ይሳቡ። ሳህኑ ሲዞር ንባቡ ብልጭ ድርግም ካለ ሽቦዋን ይለውጡ። የምትተካው ሽቦ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሏት በጣም ለስላሳ መሆን አለባት፤ ደረቅ ሽቦ ሳህኑን ይይዘዋል፣ ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ዳግመኛ ይበጠሳል። ስበው ከያዙ በኋላ የቱቦውን ጫፍ በምላስዎ ሲደፍኑ ሳህኑ በቦታው ካልቆየ ደግሞ ዲያፍራሙ ተቀዷል፣ ጣሳዋ ትለወጥ።

ካርቡሬተሩ በመጨረሻ

እስከዚህ ከደረሱ ካርቡሬተሮቹን መንካት ይችላሉ፤ የሚቀረውም ሥራ ትንሽ ነው። በላይኛው ቆብ ውስጥ ያለውን ዘይት ይሙሉ፤ ፒስተኑን በጣትዎ አንሥተው ሲለቁት ያለ መንከርፈፍ ወርዶ ቀጭ ማለት አለበት። የሁለቱን አሳሳብ በአንድ ቀጭን ቱቦ ጆሮዎ ላይ አድርገው ያመሳስሉ። ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፒስተኑን በቀጭን ካቻቪቴ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያንሡት፦ ዙሩ ጨምሮ ከቀጠለ ነዳጁ በዝቷል፤ ሞተሩ ሊጠፋ ካለ አንሷል፤ ለአፍታ ጨምሮ ከተመለሰ ልክ ነው። አየሩ እዚህ ስስ ስለሆነ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር አዳማ ላይ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላውንም ያጠቁራል፤ ከሥሩ ያለውን ማስተካከያ ዳዶ ወደ ላይ እያጠበቁ በሩብ ዙር ይቀንሱ።

ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ይመለሱና ሞተሩን አጥፍተው ሶኬቶቹን፣ የፊውዝ ሳጥኑንና የማሳ ብሎኖቹን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ከሌሎቹ ለይቶ የጋለ ግንኙነት ካለ እሱን እንደገና ያጽዱ። ያገኟቸውን ልኬቶች፣ ማለትም የባትሪውን ቮልት፣ የማሳውን ቮልት፣ ቻርጁንና አዳማ ላይ የተነበበውን ቫኪዩም፣ ከነቀኑ በወረቀት ጽፈው በፕላስቲክ ሸፍነው ከኮፈኑ ውስጥ ይለጥፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ መኪናዋ ስትታመም የሚያነጻጽሩት ከዚያ ወረቀት ጋር ይሆናል።